ልብስ የሚታጠብበት ቅዱስ ወንዝ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ ሕንድ አንድ ምሽት እንዳወራችሁ ስጠየቅ፣ ታጅ ማሃልን የምትጠብቁ እንደምትኖሩ ገምቻለሁ። እኔ ግን ወሬዬን የምጀምረው ከጀሪካን ነው።

ለማስተርስ ሁለት ዓመት የኖርኩት ኢንዶር ነው። መሃል ሕንድ ላይ ያለ፣ የማድያ ፕራዴሽ ክልል ትልቁ ከተማ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴትዮ ቤት፣ ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። «አንቲጂ» ነበር የምላቸው፤ እዚያ አገር እንደ እትዬ ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ አይደንቅም። የደነቀኝ አጠራሩ ነው። ማለዳ ቧንቧው ጉርርር ሲል አንቲጂ ከታች ይጮሃሉ፤ «ናርማዳ መጣች!» ሁላችንም ባልዲና ጀሪካን ይዘን እንሯሯጣለን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናርማዳ የጎረቤት ልጅ መስላኝ ነበር። እውነቴን ነው። ምን ዓይነት ልጅ ብትሆን ነው ሰው ሁሉ በባልዲ የሚቀበላት? በኋላ ገባኝ። ናርማዳ ወንዝ ናት። ከኢንዶር በስተደቡብ፣ ከቪንድያ ተራሮች ማዶ ነው የምትፈሰው። ከ1978 ጀምሮ ጃሉድ ከሚባል ቦታ በፓምፕ ተስባ፣ ተራራውን ወጥታ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዛ ኢንዶር ትገባለች። (ዓመቶቹን ዛሬ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ይቅርታ።) ስለዚህ ቅዱሱን ወንዝ ከማየቴ በፊት ጠጥቼዋለሁ። ሽሮም ሠርቼበታለሁ።

ነገሬን ከማሞቄ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ በፊት ቫራናሲ ሄጄ ነበር። የሕንድ ቅዱስ ወንዝ ሲባል ሁላችንም ፎቶውን የምናውቀው የጋንጋ፣ የጋንጀስ ወንዝ ማለት ነው፣ ዳር ከተማ ነው። ትልቅ ቦታ ነው፣ አልክድም። ግን ጀልባ ልቅዘፍልሽ የሚለው፣ ላስጎብኝሽ የሚለው፣ ግንባርሽን ቀለም ልቀባሽ የሚለው አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ሬሳ ሲቃጠል ሊያዩ ካሜራ የደቀኑ ቱሪስቶችም ነበሩ፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ራስ ምታት ይዞኝ ተመለስኩ። ይሄን ለአንቲጂ ስነግራቸው ሳቁ። «አንቺ ማሄሽዋር ሂጂ» አሉኝ።

ልሄድ ቀን ስቆርጥ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ናርማዳን ሞልቼ እንዳመጣላቸው ነው።

«አንቲጂ፣ ይሄው በቧንቧ ይመጣ የለ እንዴ? ያው እኮ ነው።»

«እሱ የቧንቧ ነው» አሉኝ።

በየማለዳው «ናርማዳ መጣች» እያሉ የሚጮሁት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ላስታውሳቸው ፈልጌ ነበር። ተውኩት። ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ማሄሽዋር ከኢንዶር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ዳምኖድ የሚባል የመንገድ ዳር ከተማ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሌላ። መንገዱ የቪንድያን ተራሮች ይወርድና ሙቀቱ ይቀየራል። ናርማዳ የምትፈሰው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በቪንድያና በሳትፑራ ተራሮች መካከል። አማርካንታክ ከሚባል ከፍታ ተነስታ 1,312 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ትሄዳለች። ይሄ ወደ ምዕራብ መሄዷ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሕንድ ትልልቅ ወንዞች አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅ ናቸው። እሷ ለምን ወደ ምዕራብ ዞረች? በአፈ ታሪኩ ሰርጓ ስለፈረሰ ነው። ሶን የሚባል ሌላ ወንዝ አለ፤ እሱም እዚያው አካባቢ ይነሳል። ሊጋቡ ነበር። እሱ ግን ጆሂላ ከምትባል ሌላ ወንዝ ጋር ሲዳራ ደረሰችበት። ተቆጣች። ፊቷን አዙራ ወደ ምዕራብ ሄደች፤ ሳታገባም ቀረች። እሱ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል እስከ ዛሬ። ይሄን ታሪክ ከነገሩኝ ሴቶች አንዷም ለሶን አላዘነችም።

ማሄሽዋር የደረስኩት ማታ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ተነስቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ትልቅ ምሽግ አለ። ከምሽጉ በር ሰፋፊ የድንጋይ ደረጃዎች እስከ ውሃው፣ ከውሃውም በታች ይወርዳሉ። «ጋት» ይሏቸዋል። ደረጃው ለጌጥ ብቻ አልተሠራም። እዚያም ክረምቱ እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወንዙ ሲሞላ ብዙውን ደረጃ ይውጠዋል፤ በበጋ ደግሞ ወደ ታች ይሸሻል። ጭቃ ዳርቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ለግማሽ ዓመት አይደርስበትም ነበር። ደረጃ ሲሆን ግን ውሃው የትም ከፍታ ላይ ይቁም፣ እግርህን የምታሳርፍበት ድንጋይ ይኖራል። አሮጊትም ሕፃንም ይወርዳል።

እንግዲህ እኔ የጠበቅኩት ጸጥታ ነበር። ገዳም የመሰለ ነገር። የሰማሁት «ቧ! ቧ! ቧ!» የሚል ድምፅ ነው። ሴቶች ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብለው ልብስ ድንጋይ ላይ ይደበድባሉ። አንሶላ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሕፃን ጨርቅ። ከእነሱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ፊታቸው ወደምትወጣው ፀሐይ ነው። በትንሽ የናስ እንስራ ውሃ ይቀዱና፣ ከግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ በቀስታ መልሰው ያፈሱታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አፍንጫቸውን ይዘው ሦስት ጊዜ ጥልቅ ጥልቅ አሉ። ከጎናቸው አንድ ጎረምሳ ጥርሱን ይፍቃል። ልጆች ከላይ ዘለው ይገባሉ። አንዷ ሴትዮ የሊጥ ድብልብል ለዓሣ ትወረውራለች።

መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ቅዱስ ነው ያላችሁት ቦታ ይሄ ነው ወይ? ከዚያ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ማንም ምንም ሊሸጥልኝ አልመጣም። ማንም አላየኝም ማለት ይቻላል። ሽማግሌው የሚጸልዩት ለካሜራ አልነበረም፤ ሴቶቹም የሚያጥቡት ለካሜራ አልነበረም። ልብስ አጥባ የጨረሰችው ያንኑ ውሃ በእፍኟ ወስዳ ራሷ ላይ ታፈስና ታመሰግናለች። ለሥራው አንድ ወንዝ፣ ለጸሎቱ ሌላ ወንዝ የላቸውም። ያ «ቧ ቧ» እያደር እንደ ከበሮ ሆነብኝ። እዚያ ድምፅ መሃል፣ ሳይታወቀኝ፣ ትከሻዬ ወርዷል።

አንድ ነገር በቅርብ ልንገራችሁ። በሕንድ ሴቶች ወንዝ የሚገቡት ሳሪያቸውን እንደለበሱ ነው። እርጥቡን በደረቅ የሚቀይሩት ግን እዚያው ደረጃው ላይ፣ በሰው መሃል ነው። ሳሪ 5 ሜትር ተኩል ያህል ጨርቅ ነው። አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት አጠገቤ ወጡ። የደረቀውን ጫፍ በጥርሳቸው ያዙ። አንድ እጃቸው ከውስጥ እርጥቡን ይፈታል፣ ሌላው ከላይ ደረቁን ይጠመጥማል። እርጥቡ ዱብ ብሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። ደረቁ እጥፋቱ ተስተካክሎ ወገባቸው ላይ ተሰክቷል። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የታየ ነገር የለም። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ባጨበጭብላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ሳያቸው አዩኝና «ቤቲ፣ አትታጠቢም?» አሉኝ።

ቤቴልሔም የሚባል ስም የለኝም። መጀመሪያ ሕንድ እንደገባሁ ሰው ሁሉ ቤቲ ሲለኝ ከማን ጋር ተምታትቼባቸው ነው ብዬ ነበር። በሂንዲ «ቤቲ» ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ። እስከ ዛሬ እዚህ ሰው «ቤቲ!» ብሎ ሲጣራ ዞር እላለሁ።

በሰባራ ሂንዲዬ ክርስቲያን መሆኔን፣ እግሬን ብቻ እንደማስነካ ነገርኳቸው። እሺ አሉ፤ ማንም አልተጫነኝም። ጫማዬን አውልቄ ሁለት ደረጃ ወረድኩ። ሦስተኛው ከውሃው በታች ነው፤ አረንጓዴ ለብሷል። ከዚህ በኋላ የሆነውን ገምቱት። እንደ ሳሙና አንሸራቶኝ እስከ ደረቴ ገባሁ። የአንቲጂ ጠርሙስ ከእጄ አምልጦ መንሳፈፍ ጀመረ። አጣቢዎቹ በሙሉ ሥራ አቁመው ሳቁ። ጎረምሳው የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ ዋኝቶ ጠርሙሱን አመጣልኝ። እናትየዋ ክንዴን ይዘው እየጎተቱ «ናርማዴ ሀር! ማይያ ራሷ ጠራችሽ» አሉኝ። ማይያ እናት ማለት ነው። ናርማዴ ሀር ደግሞ የወንዙ ሰላምታ ነው፤ እዚያ ዳር ሰው ሲገናኝም ሲለያይም ይላታል።

ማታ ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «በይ ስትመጪ ሽንቁሩ ሚካኤል ወስጄሽ ትጠመቂያለሽ» አለችኝ። በልቤ አንቲጂንና እሷን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ውሃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች።

አሁን ደረጃውን ያሠራችውን ሴት ላስተዋውቃችሁ፤ ማሄሽዋርን ያለ እሷ ማውራት አይቻልም። አሂልያባይ ሆልካር ትባላለች። በ1725 ቻውንዲ በሚባል መንደር ተወለደች። አካባቢው ከእሷ መቶ ዓመት በፊት የእኛው አገር ሰው ማሊክ አምባር በእንደራሴነት የገዛው የአህመድናጋር ምድር ነው። አባቷ የመንደሩ ጭቃ ሹም ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል በማትቆጥርበት ዘመን ማንበብና መጻፍ አስተማሯት። በዘመኑ ሕንድ ውስጥ ኃያል ለነበሩት ለማራታዎች የጦር አለቃ ለማልሃር ራኦ ሆልካር ልጅ ተዳረች። ባሏ በ1754 አንድ ምሽግ ሲከበብ በመድፍ ተመትቶ ሞተ። እንደ ልማዱ ከሬሳው ጋር በእሳት ልትቃጠል ተነሳች። አማቷ ለምነው አስቀሯት። ከዚያም ሒሳቡንም፣ ሠራዊቱንም፣ ደብዳቤውንም አስለመዷት። እሳቸው በ1766 ሞቱ፣ ልጇ በዓመቱ ተከተለ። በ1767 ሥልጣኑን ያዘች፤ መቀመጫዋን ማሄሽዋር አድርጋ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1795 ገዛች።

28 ዓመት ማለት ነው። ምን ስትሠራ? ደረጃ። ጉድጓድ። የመንገደኛ ማረፊያ። ቤተ መቅደስ። በግዛቷ ብቻ አይደለም፤ በሌሎች ነገሥታት አገር ጭምር። የቫራናሲውን የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስ በ1780 ያሠራችው እሷ ናት። ራስ ምታት ይዞኝ የተመለስኩበት ከተማ ውስጥም አንዱ ጋት በስሟ ይጠራል። ምሽጉ ውስጥ መኖሪያዋን ገብቼ አየሁት። ዙፋኗ ነው ብለው የሚያሳዩት መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከነትራሱ ነው። እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ለራሱ ፍራሽ አንጥፎ ለሕዝብ ድንጋይ የሚጠርብ ገዥ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የኢንዶር አውሮፕላን ማረፊያ በስሟ ነው፤ በየታክሲው መስታወት ላይ ምስሏ አለ።

እዚያው ግቢ ውስጥ በየማለዳው ካህናት ተደርድረው ከጭቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የሺቫ፣ የሂንዱው አምላክ፣ ምልክቶችን ይሠራሉ። አውራ ጣት አያክሉም። በየአንዳንዱ ላይ የእህል ፍሬ ያስቀምጣሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ናርማዳ ይወርድና ይሟሟል። በነጋታው እንደገና። ከእሷ ጊዜ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚኖር ነገር ላይ ያን ያህል መጠንቀቃቸው ገረመኝ።

ሌላው ሥራዋ ሸማኔዎቹ ናቸው። ከሌላ አገር አስመጥታ አሰፈረቻቸው፤ ሳሪ እንዲሸምኑ። የማሄሽዋር ሳሪ ከዚያ ወጣ። ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ነገሩ ሁሉ ጥለቱ ላይ ነው። የምሽጉ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጥለት ላይ አለ። የወንዙ ሞገድ፣ ጡብ፣ ሰሌን፤ እያንዳንዱ ስም አለው። ዕደ ጥበቡ ሊጠፋ ተቃርቦ በ1979 ሬህዋ የሚባል ማኅበር ተከፈተ፤ ስሙ ራሱ የናርማዳ ሌላ ስም ነው። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ለሂንዱ ንግሥት የጀመሩትን፣ የሂንዱ ወንዝ ሞገድ ያለበትን ጥለት፣ ዛሬም ይጥላሉ። መወርወሪያው ጧ ጧ ሲል ከታች የልብሱ ቧ ቧ ይመልስለታል።

በሁለተኛው ቀን ደረጃው ላይ ነጭ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ እግራቸው የተሰነጣጠቀ ሰዎች አየሁ። መንገደኞች ናቸው። ናርማዳን ዙሪያዋን በእግር የሚዞሩ። ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፣ ወንዙን በቀኛቸው አድርገው እስከ ባሕሩ ይሄዳሉ፣ ተሻግረው በሌላው ዳር እስከ ምንጩ ይወጣሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጥንቱ ሥርዓት 3 ዓመት ከ3 ወር ከ13 ቀን ነው፤ ክረምቱን አንድ ቦታ ያርፋሉ። መሃል ላይ ወንዙን መሻገር ክልክል ነው። ስንቅ አይዙም፤ መንደሩ ያበላቸዋል። አንዱን ሰውዬ ምን ሥራ ነበረዎት አልኳቸው። የባንክ ሠራተኛ ነበርኩ አሉኝ፣ ጡረታ ሲወጡ የተነሱ። አንገታቸው ላይ የናርማዳ ውሃ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አንጠልጥለዋል። ወንዙ አጠገባቸው እያለ! የአንቲጂ ጠርሙስ ያኔ ትንሽ ገባችኝ።

ባሕሩ ዘንድ ስለሚደርሱበት ቦታ አንድ ነገር ልጨምር። ከናርማዳ አፍ አጠገብ ባሩች የሚባል ከተማ አለ። ጥንት ግሪኮች ባሪጋዛ የሚሉት ወደብ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የነጋዴ መመሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ ስለ አዱሊስና ስለ ባሪጋዛ በአንድ ትንፋሽ ያወራል። ወደ አዱሊስ ከዚያ አገር ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይመጣ ነበር። እና የአክሱም ዘመን ሰው በዚህ ወንዝ ዳር የተሸመነ ጨርቅ ሳይለብስ አልቀረም ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን ደስ የማይለውን። ወንዙ ላይ ሳሙና አለ፣ ፕላስቲክ አለ። ያቺን እናት «እናት ናት እያላችሁ ለምን ታቆሽሿታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጅ እናቱ ጭን ላይ ይሸና የለ?» አሉኝ። መልሱ ቆንጆ ነው። ግን ልጁ አድጓል፤ ፋብሪካም ከፍቷል። ግድቦቹ ደግሞ አሉ። ከታች በኩል፣ ጉጃራት በሚባለው ክልል፣ ሳርዳር ሳሮቫር የሚባል ትልቅ ግድብ አለ። ኔህሩ በ1961 የመሠረት ድንጋዩን ጣሉ፣ የተመረቀው በ2017 ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የክርክር ነው። መንደራቸው የሚዋጥባቸው ሰዎች ከመብት ታጋይዋ ከሜድሃ ፓትካር ጋር ሆነው ለአሥርት ዓመታት ታገሉ፤ የዓለም ባንክ ገንዘብ በ1993 ቀረ፤ ግድቡ ግን ተሠራ። ለደረቁ አገሮች ውሃ ሰጠ፣ ሌሎችን ከቀያቸው አነሳ። የመንገደኞቹ የጥንት መንገድም በየቦታው ከውሃ በታች ነው፤ ርቀው ይዞራሉ። ግድብ ስል ምን እንዳሰባችሁ ከፊታችሁ አነባለሁ። እሱን ለሌላ ምሽት እንተወው።

ለመሄድ ያሰበ ካለ በአጭሩ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ደረጃው ላይ ጫማ አውልቁ። የሚታጠቡ ሴቶችን ፎቶ አታንሱ። አረንጓዴውን ድንጋይ አትርገጡ።

በመጨረሻው ምሽት ሃያ የማንሞላ ሰዎች ደረጃው ላይ ነበርን። ካህኑ መብራት ያዞራሉ፣ ደወል ይደወላል። ሴቶች ከደረቀ ቅጠል የተሰፋች ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አበባና በንጥር ቅቤ የራሰ የጥጥ ክር አድርገው ያበሩና ውሃው ላይ ይለቋታል። የእናትየዋ መብራት ትንሽ ሄዳ ድንጋይ ላይ ተያዘች። ሳሪያቸውን ሰብስበው ወረዱና በጣታቸው ገፋ አደረጓት፤ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሸኙ። ሄደች። ጠርሙሴን ያኔ ሞላሁ።

ኢንዶር ስገባ አንቲጂ በር ላይ ነበሩ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ አማልክቶቻቸው ያሉበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። መውደቄን ስነግራቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

በማግስቱ ማለዳ ቧንቧው ጉርርር አለ።

«ናርማዳ መጣች!» አሉ ከታች።

ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ።